የስንዴን ምርት በናሙና አጨዳ ስለመገመት

በአንድ ዞን ስንት ኩንታል ስንዴ እንደተመረተ ለማወቅ የዞኑን ማሳ ሁሉ አጭዶ መመዘን አይቻልም። ገበሬውን መጠየቅም ብቻውን አያስተማምንም፤ ግብር ይጨመርብኛል ብሎ የሚሰጋው ያሳንሳል፣ ሞዴል መባልን የሚወደው ያበዛል። ስለዚህ በዕጣ በተመረጡ ማሳዎች ላይ አነስተኛ መደብ አጭዶ፣ ወቅቶና መዝኖ አማካዩን መውሰድ የተሻለ ነው። በአገራችን የግብርና ናሙና ጥናት የተለመደው መደብ 4 ሜትር በ4 ሜትር ነው።

ይህ 16 ካሬ ሜትር ከሄክታር 625ኛው እጅ ነው። በመደቡ ላይ የሚፈጸም ስሕተትም በ625 ይባዛል። 100 ግራም ትርፍ ፍሬ በሄክታር 62.5 ኪሎ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው የመደቡ ቦታ አመራረጥ ነው። ባለማሳው «እዚህ ያማረው ላይ ይሁን» ይላል፤ ለእንግዳ ጥሩውን ማሳየት ስለሚወድ እንጂ ተንኮል የለበትም። የሠራተኛውም ዓይን ወደ ረዥሙ ዛላ ይሳባል። ቦታውን መወሰን ያለበት ግን ዕጣ ነው። የማሳው ርዝመትና ስፋት በእርምጃ ይለካል፤ ለሁለቱም ከዕጣ ቁጥር ሰንጠረዥ አንድ አንድ ቁጥር ይወሰዳል፤ እርምጃው ባበቃበት ነጥብ የመጀመሪያው ችካል ይተከላል። ነጥቡ ውኃ በተኛበት፣ ዋግ በመታው ወይም አረም በዋጠው ላይ ቢያርፍም ችካሉ አይነሣም። ዕጣው የሚደገመው መደቡ ከማሳው ወሰን ሲወጣ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ገመዱ ነው። ከችካል እስከ ችካል ተወጥሮ፣ ማዕዘን ለማዕዘን ሲለካ 5.66 ሜትር መምጣት አለበት። ገመዱ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ቢለጠጥ መደቡ 17.64 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ምርቱም ከ10 በመቶ በላይ ይጋነናል። ሕንዳዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሱክሃትሜ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በጣም ትንንሽ መደቦች ምርትን አብዝተው እንደሚያሳዩ ያስጠነቀቁት ድንበር ላይ ያለው ተክል ወደ ውስጥ እየተቆጠረ ስለሚገባ ነው። ሥሩ ከገመዱ ውስጥ የሆነ ይታጨዳል፤ ዛላው ብቻ ያዘነበለ ይቀራል።

እርጥበትም አይዘንጋ። በ20 በመቶ እርጥበት 3.5 ኪሎ የመዘነ ፍሬ፣ ወደ 12.5 በመቶ ሲመለስ 3.2 ኪሎ ነው፤ ይኸውም በሄክታር 20 ኩንታል።

በዚህ 20 ኩንታል ላይ በላላ ገመድ ምክንያት 2 ኩንታል ቢጨመር፣ በ50,000 ሄክታር 100,000 ኩንታል በወረቀት ላይ ብቻ ያለ እህል ይሆናል። በዚህ ግምት ተመክቶ ስንዴ ሳይገዛ፣ መጠባበቂያውም ሳይዘጋጅ ይቀራል። ጉድለቱ የሚታወቀው ክረምት ገብቶ ጎተራ ሲራቆት ነው። ስለሆነም ውጤቱ ከዕቅዱ ቢያንስም ሳይስተካከል፣ እንደተመዘነው እንዲላክ አጥብቀን እናሳስባለን።

ግምቱን ይበልጥ ለማጥራት መደቡን ከማስፋት የማሳዎቹን ቁጥር ማብዛት ይሻላል፤ የናሙናውን ስሕተት በግማሽ ለመቀነስ ግን አራት እጥፍ ማሳ ያስፈልጋል። በአንድ ቀበሌ የታጨዱ አራት አምስት መደቦች ለዞኑ አማካይ ይረዳሉ እንጂ ስለ ቀበሌው በቂ ማስረጃ አይሆኑም። የአንድን ገበሬ ግብር ወይም የማኅበር አባልን ብድር ለመወሰን ፈጽሞ አያገለግሉም፤ ባለማሳውም ችካል ከመተከሉ በፊት ይህ ሊነገረው ይገባል።