የቦኖ ውሃ ሲሸት ወይም ጣዕሙ ሲለወጥ



ቦኖ በአጠገቡ እያለ “ውሃው ይሸታል” ብሎ ወደ ወንዝ የተመለሰ ቤተሰብ በየቀበሌው አይጠፋም። የቡድናችሁ አባላት የሚያዩት እናንተን ስለሆነ፣ ውሃውን ከመተዋችሁ በፊት ሽታው ከየት እንደመጣ ለዩ።

ከቦኖው በንጹህ ብርጭቆ ቀድታችሁ አሽትቱ። ቀጥሎ ቤት ያደረውን የጀሪካን ውሃ አሽትቱ። የቦኖው ደህና ሆኖ የቤቱ ከሸተተ ጥፋቱ የጀሪካኑ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚገኘው ይኸው ነው። ጀሪካኑን በሳሙናና በጥቂት ጠጠር ነቅንቃችሁ እጠቡ፣ አለቅልቁ፣ ገልብጣችሁ አድርቁ። ጸረ አረም ወይም ጸረ ተባይ ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ግን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለውሃ አይሆንም። በወይራ ማጠንም ሽታውን ይሸፍናል እንጂ መርዙን አያወጣም። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ እጣቢውን ወደ መርጫው ጨምሩ፤ ከዚያ ማንም እንዳይጠቀምበት ብሱት።

የበረኪና ሽታ ውሃው በክሎሪን መታከሙን ያሳያል። ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ገልብጣችሁ በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ ለጥቂት ሰዓት ብታቆዩት ሽታው ይቀንሳል። ክሎሪኑ ሲወጣ መከላከያውም አብሮ ስለሚወጣ ውሃው ቶሎ ይጠጣ፤ ኩባያ አይነከርበት። ራሳችሁ “ውሃ አጋር” የምትጨምሩ ከሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ልክ አትለፉ፣ 30 ደቂቃም ጠብቁ።

የብረት ጣዕም ሌላ ነው። ውሃው ሲቀዳ ጥሩ ይመስላል፤ ሲያድር ቀይ ዝቃጭ ይጥላል፣ ነጭ ልብስ ያቀልማል፣ ሻይም ያጠቁራል። ጠዋት ብቻ ከታየ በቧንቧው ውስጥ ካደረው ውሃ ሊሆን ስለሚችል የመጀመሪያውን ለአትክልት አድርጉት። ቀኑን ሙሉ ከታየ ከጉድጓዱ ነው። ከዕቃ ወደ ዕቃ ከፍ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ገልብጡ፣ አሳድሩ፣ ላይ ላዩን ቅዱ። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ቀላል ሽታም በዚሁ መንገድ ይቀንሳል።

ጨዋማ ውሃን ማፍላት አይጠቅምም፤ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራልና ይብስበታል። በስምጥ ሸለቆ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር፦ የልጆችን ጥርስ የሚያበላሸው ፍሎራይድ ሽታም ጣዕምም የለውም፣ በማፍላትም አይወጣም። ስለዚህ ጥርስ ቡኒ እየሆነ ካያችሁ ውሃው ቢጥማችሁም እንዲመረመር ጠይቁ።

ሽታው በድንገት፣ በተለይም ከዝናብ ወይም ከመስመር ስብራት በኋላ፣ የፍሳሽ ወይም የእበት ሽታ ከሆነ ግን ሙከራ አያስፈልግም። ለመጠጥ መቅዳት አቁሙ፣ ለውሃ ኮሚቴውና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በዚያው ቀን ንገሩ። ሌላ ውሃ እስኪገኝ የምትጠጡትን ከሌላ ምንጭ ቀድታችሁ አፍሉ፤ ጎረቤቶቻችሁም መስማታቸውን አረጋግጡ።