በሩ ያልተዘጋ የፊደል ሥራ

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሲሪንቃንና መርሳን አልፎ ውርጌሳ ይደርሳል። እንደ ሌሎቹ የሀብሩ ከተሞች ሁሉ እዚህም አስፋልቱ ዳር የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አይታጣም። ማመልከቻው፣ የቤት ኪራይ ውሉ፣ የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ የሚጻፈው እዚያ ነው። ፊደሉ ስክሪኑ ላይ በምን ብልሃት እንደመጣ ማንም አይጠይቅም፤ የሚጠየቀው የተበላሸ ቀን ነው። ከዓመታት በፊት ፓወር ግዕዝ በተባለው ፎንት የተጻፈ ደንብ በፍላሽ መጥቶ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት፣ ገጹ እንዳለ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል።

እንዲህ ያለውን ጣጣ ለማቃለል ረጅም ዘመን ከደከሙት አንዱ ዳንኤል ያዕቆብ ናቸው። በግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ስም የሚሠሩት ሥራ ብዙ ትንንሽ ፕሮጀክት ነው፤ የቁልፍ ሰሌዳ፣ የፎንት መለወጫ፣ የፍለጋ መሣሪያ፣ አዳዲስ ፊደላትን የማስመዝገብ ጥያቄ። አብዛኛው ኦፕን ሶርስ ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ ለራሱ እንዲስማማ አድርጎም ይቀይረዋል፤ ክፍያም የለውም።

ከእነዚህ ሁሉ ለውርጌሳዋ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ፀሐፊ ቶሎ የሚደርስላት የፎንት መለወጫው ይመስለኛል። የድሮዎቹ ፎንቶች ኮምፒውተሩን የሚያታልሉ ነበሩ። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ ፎንቱ በዚያ ቁጥር ላይ የ«ሀ»ን ወይም የ«መ»ን መልክ ይሥልበታል። ፎንቱ ሲነሳ መልኩም አብሮ ይነሳል። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ብራና ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አደላደል ስላላቸው አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም። መለወጫው የወርድ ሰነዱን ገልጦ እያንዳንዱ ቁራጭ ጽሑፍ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ይመለከታል፤ ለዚያ ፎንት በተዘጋጀው ሠንጠረዥ ቁጥሩን የዓለም ፊደላት የጋራ መዝገብ ወደሆነው ወደ ዩኒኮድ ይቀይርና የፎንቱንም ስም ይለውጣል። የፎንቱን ስም መለየቱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በአንድ ገጽ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ተቀላቅሎ ሲገኝ እውነተኛውን እንግሊዝኛ ሳይነካ የሚያልፈው በዚህ ነው።

የዩኒኮድ ታሪክ እዚህ ላይ ይገባል። አማርኛን በኮምፒውተር መጻፍ የተጀመረው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ዳሸን ኢንጂነሪንግን ያቋቋሙት መሐንዲስ ፍሥሐ አጥላው ነበሩ። ፊደላችን በዓለም አቀፉ መዝገብ ቋሚ ቁጥር ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ነው። ምዝገባው በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2005 ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክና ድፋትን የመሳሰሉ አሥር የዜማ ምልክቶች ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ዳንኤል ባቀረቡት ጥያቄ ለጉራጌኛ የሚያገለግሉ 28 ፊደላት ተጨመሩ። በዚያ እትም የግዕዝ ፊደል ድምር 523 ደርሷል። ለአንድ ፊደል ቁጥር ለማሰጠት ማን እንደሚጠቀምበት፣ የት እንደታተመ፣ ከነባሩ በምን እንደሚለይ ማስረጃ እየሰበሰቡ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ አሰልቺ ሥራ ነው፣ ጭብጨባም የለውም።

ወደ ቁልፍ ሰሌዳው እንምጣ። ኪማን በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ላይ የሚጫነው የአማርኛ ሰሌዳ የሚከተለው ድምፅን ነው። «ውርጌሳ»ን ለመጻፍ ደብልዩ ሲነካ «ው»፣ አር ሲነካ «ር»፣ ጂ ሲነካ «ግ» ይመጣል። ሺፍት ተይዞ ኢ ሲነካ ያ «ግ» እዚያው እያያችሁት «ጌ» ይሆናል። ኤስ «ስ»ን ያመጣል፤ ኤ ሲከተለው «ሳ»። ስድስት ቁልፍ፣ አራት ፊደል። የዚህ አካሄድ መነሻ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ሴራ የተባለ ሥርዓት ነው፤ ኮምፒውተሩ ፊደላችንን ጨርሶ በማያውቅበት ዘመን አማርኛን በላቲን ፊደል በኢሜይል ለመላላክ የታሰበ ነበር። ለወሎ ሰው አማርኛን በሌላ ፊደል መጻፍ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንደ ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉ የወሎ ዑለማዎች የአማርኛ መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ ጽፈው አቆይተውልናል።

ሰሌዳው አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ አንባቢ የዚህን ጥቅም ማስረዳት አያስፈልግም። የመጫኛውን ፋይል በፍላሽ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ መውሰድ ይቻላል፤ ፈቃዱም ይህን አይከለክልም።

ፍለጋውስ? የቀበሌ መዝገብ ውስጥ አንዱ ሰው «ኃይሌ»፣ «ሀይሌ»፣ «ሐይሌ» ተብሎ ሦስት ቦታ ይገኛል። ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። ዳንኤል ፐርል ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፉት መሣሪያ እነዚህን ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ቆጥሮ ይፈልጋል። ፐርል ዛሬ ወጣቶቹ የሚመርጡት ቋንቋ አይደለም፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ግን ሐሳቡን ወስዶ በፓይተን መጻፍ ይቻላል። በፓይተን የተሠራ ሌላ ነገርማ አለ። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር የጻፉት ሆርንሞርፎ «ስላልነገርኳቸው» የሚል ቃል ሲሰጠው ስለ፣ አል፣ ነገር፣ ኩ፣ አቸው ብሎ ይፈታዋል። የፊደል ግድፈት ማረሚያ ለመሥራት የሚነሳ ሰው ይህን ሳያይ ባይጀምር ይሻለዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ የሠሪዎቹ ማነስ ነው። ይህን ያህል ሥራ በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች ትከሻ ላይ ነው ያለው። ተተኪ ሊያፈራ የሚችለው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እያስተማረ ነው፤ በሰሜኑ ጦርነት ከተዘረፈ በኋላም ተነስቷል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራ የመመረቂያ ፕሮጀክት ግን ብዙ ጊዜ ውጤት ከተሰጠበት በኋላ በሲዲ ተቀብሮ ይቀራል፤ ተከታዩ ተማሪም ያንኑ ከዜሮ ይጀምራል።

ለመርዳት የግድ ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም። ፀሐፊዋ እጅ ላይ መለወጫው የማያውቀው የቆየ ፎንት ካለ ፎንቱንና በእሱ የተጻፈ አንድ ገጽ ለመለወጫው ሠሪዎች መላክ ይበቃል፤ ገጹ ላይ ግን ሰባቱም የፊደል መልኮች፣ እነ «ሏ» እና «ቋ»፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቡ ሁሉ ቢኖሩ ጥሩ ነው፤ ሠንጠረዡ የሚሳሳተው አዘውትሮ እነሱ ላይ ነውና።