ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ ኬብሉ ይፈተሽ

የአንድ አነስተኛ ቢሮ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ወቀሳው ቀድሞ የሚሄደው ወደ አገልግሎት አቅራቢው ነው። አንዳንዴ ወቀሳው ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ቢሮው ውስጥ፣ በኮርኒስ ላይ በተዘረጋው ኬብልና ጫፉ ላይ በተገጠመችው ትንሽ ኮኔክተር ነው። ለመለየት አያስቸግርም። ላፕቶፕ በአጭርና ጤነኛ ኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን መለካት ይበቃል። እዚያ ደህና ሆኖ የሠራተኛው ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ከወረደ፣ መፍትሔው በቢሮው እጅ ነው ማለት ነው።

የኔትወርክ ኬብል ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ተገምደው አራት ጥንድ ይሆናሉ። የተገመዱት ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች ተቃራኒ ምልክት ይሸከማሉ፤ ተቀባዩ መሣሪያም የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አብረው ስለተጠመዘዙ ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ሁለቱንም እኩል ይነካቸዋል፤ ልዩነታቸው ግን ስለማይለወጥ መልእክቱ ሳይበላሽ ይደርሳል። ግምዱ በተፈታበት ቦታ ይህ መከላከያ የለም። ኮኔክተር ሲገጠም ጥንዶቹ ከ13 ሚሊሜትር በላይ እንዳይፈቱ የሚባለው ለዚህ ነው። ለሥራ እንዲመቸው ብሎ ሦስትና አራት ሴንቲሜትር የሚፈታ ባለሙያ ካዩ ያስቁሙት።

የቀለሙ ቅደም ተከተል ደግሞ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በስፋት የሚሠራበት ቲ568ቢ የሚባለው ነው። የኮኔክተሩ ምላስ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ኬብሉ ከታች ሲገባ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ አረንጓዴው ከነጭ-አረንጓዴው ጎን አይደለም። ሰማያዊዎቹ መሐል ገብተው ለያይተዋቸዋል፤ ምክንያቱም መሣሪያው ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ቦታ እንደ አንድ ጥንድ ነው የሚጠቀምባቸው። ይህን የማያውቅ ሰው ቀለሞቹን ለዓይን በሚመች መንገድ፣ እያንዳንዱን ከጓደኛው ጎን ይደረድራል። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስላደረገው ርካሹ ቴስተር ከ1 እስከ 8 መብራቶቹን በየተራ ያበራል፤ ሥራው ተጠናቀቀ ተብሎ ሒሳብ ይከፈላል። ቴስተሩ ግን የሚያውቀው ሽቦው አለመቋረጡን ብቻ ነው። በሦስተኛውና በስድስተኛው ቦታ ያሉት ሽቦዎች አብረው ስላልተገመዱ ረብሻውን መከላከል አይችሉም፤ መስመሩ አንዳንዴ እየሠራ አንዳንዴ እየተቆራረጠ ሰውን ያሰለቻል። እንዲህ ያለውን ጥፋት ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ ኮኔክተሩን በትክክል ለመግጠም ከሚወስደው ደቂቃ ጋር አይወዳደርም።

ሌላው ምልክት ፍጥነቱ 100 ሜጋ ቢት በሰከንድ ላይ ተቸንክሮ መቅረቱ ነው። በ100 ሜጋ ቢት የሚሠራው ግንኙነት ከአራቱ ጥንዶች ሁለቱን ብቻ ይጠቀማል፤ በ1999 ደረጃው የወጣለት የ1 ጊጋ ቢት ግንኙነት ግን አራቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ አንዲት ቡናማ ሽቦ በደንብ ሳትነካ ብትቀር ብዙ መሣሪያዎች ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ። ኢንተርኔቱ አልጠፋም፤ ማንም አያመለክትም። ኮምፒውተሩ የኔትወርክ መረጃ ላይ የሚያሳየውን የግንኙነት ፍጥነት ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ግዢው ላይ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፦ ውስጡ ንጹሕ መዳብ የሆነ ኬብል ይግዙ። በላዩ ስስ መዳብ የተለበጠ የአሉሚኒየም ኬብል በርካሽ ይሸጣል፤ ካርቶኑ ላይ ከካት 5ኢ ከፍ ያለው ደረጃ፣ ካት 6፣ ተብሎ ሊጻፍበትም ይችላል። አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጎ ማየት ነው፤ ከሥሩ ብርማ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፤ የመዳብን ያህልም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በኔትወርክ ኬብል ኃይል የሚያገኙ የደህንነት ካሜራዎች ሲገጠሙበት ደግሞ የሚደርሳቸው ኃይል ይቀንሳል፣ ኬብሉም ይግላል። ለተራ ቢሮ ጥሩ ካት 5ኢ ከመጥፎ ካት 6 እጅግ ይሻላል።

የቢሮው ኬብሎች ከሚሰበሰቡበት ስዊች እስከ ኮምፒውተሩ ያለው ርቀት ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በአሠራር ልማድ 90 ሜትሩ ግድግዳና ኮርኒስ ውስጥ ለሚሄደው፣ ቀሪው በሁለቱ ጫፍ ለሚሰኩት አጫጭር ኬብሎች ይተዋል። ኬብሉ ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ትራንኪንግ አይሄድም፤ መሻገር ግድ ከሆነ በመስቀለኛ ይሻገር። በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ይጻፍበት።

ቢሮው በሙሉ በአንድ ጊዜ ቀጥ ካለና የስዊቹ መብራቶች ሁሉ አብረው በፍጥነት የሚርገበገቡ ከሆነ አንድ ሰው የአንዱን ኬብል ሁለት ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ሰክቶ ሊሆን ይችላል። ጽዳት ሲደረግ ወለል ላይ የተገኘ ጫፍ ክፍት ቀዳዳ ውስጥ ይሰካል፤ መልእክቱ በስዊቹ ውስጥ እየተባዛ ይሽከረከርና ለሌላው ቦታ ያሳጣል። ኬብሎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መብራቱ የሚረጋበትን መፈለግ ነው።

ጥገና ሲባል ብዙው ነገር ኃይልና አቧራ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ራውተሩና ስዊቹ ዩፒኤስ ላይ መዋል አለባቸው፤ የሚፈልጉት ኃይል ትንሽ ነው። የዩፒኤስ ባትሪ በተለምዶ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ የተገጠመበትን ቀን በላዩ ላይ መጻፍ ብልህነት ነው። አቧራ አየር ማስገቢያውን ሲደፍነው መሣሪያው ይግላል፤ ዕድሜው ያጥራል። ኃይሉን አጥፍቶ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ማንሳት ይበቃል።

ሁለት ሕንፃዎችን ማገናኘት ካስፈለገ የመዳብ ኬብል በአየር ላይ መዘርጋት ትልቅ ስህተት ነው። በክረምት መብረቅ አቅራቢያው ሲወድቅ መዳቡ ኃይሉን ተቀብሎ ከሁለቱም ወገን ያሉትን ስዊቾች ሊያቃጥል ይችላል። ፋይበር ከመስታወት የተሠራ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ማጠናከሪያው ብረት ያልሆነውን ዓይነት መርጦ መዘርጋት ነው። በመጀመሪያው ቀን ዋጋው ከፍ ይላል፤ አንድ የክረምት መብረቅ የሚያቃጥለው ስዊች፣ ካሜራና ኮምፒውተር ሲደመር ግን ከዚያ ይበልጣል።