ያልተኳለ ገላ እንዴት ይታያል?

ሰማያዊ መስመር ባለው ወንበር ላይ አንዲት የ80 ዓመት ሴት እርቃኗን ተቀምጣለች። ጸጉሯ ነጭ ነው፤ ጉንጮቿ ቀልተዋል፤ ጡቶቿ ወርደው ሆዷ ላይ አርፈዋል። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ አሊስ ኒል እ.ኤ.አ. በ1980 ያጠናቀቀችውና ዛሬ በዋሽንግተኑ ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ የሚገኘው የራሷ ምስል ነው። ብዙ ተመልካች ከሥዕሉ ፊት ሲቆም ቀድሞ የሚመጣለት ጥያቄ «ይህ ምን ውበት አለው?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚጠበቅ ቢሆንም ለዚህ ሥዕል የሚስማማ አይደለም። እንዲህ ያለው ሥዕል የሚገባን «ይህች ሰው ማን ናት?» ብለን ስንነሣ ነው።

የውበቱ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቲሺያን በ1538 የሣላትን፣ «የኡርቢኖዋ ቬነስ» የተባለችውን እርቃን ሴት ማየት ይበቃል። አልጋ ላይ ተጋድማለች፤ ቆዳዋ ጠባሳም መጨማደድም አያውቅም። የተሣለችው ለተመልካቹ ዓይን ነው። በአውሮፓ ሥዕል ለዘመናት የገነነው ይህ ልማድ ዕድሜ፣ ወሊድና ሕመም በገላ ላይ የሚተዉትን ምልክት ሁሉ ያጠፋል። ምልክቱ ሲጠፋ ግን የተሣለው ሰው ታሪክም አብሮ ይጠፋል፤ የሚቀረው የማንም ሊሆን የሚችል ገላ ነው። ሳያስውቡ መሣል ያንን የጠፋ ታሪክ ለባለቤቱ መመለስ ነው።

ኒል ይህን እንዴት እንዳደረገችው ሸራው ራሱ ይመሰክራል። ልብሷን ሁሉ አውልቃ መነጽሯን ግን አላወለቀችም። በአንድ እጇ ብሩሽ፣ በሌላው ጨርቅ ይዛለች። ለመታየት ብቻ የተቀመጠች ሴት ሳትሆን ሥራ ላይ ያለች ሠዓሊ ናት፤ የምትታየውም የምታየውም እሷው ነች። አካሏን የከበበው መስመር ሰማያዊ ነው። በእውነተኛ ገላ ላይ እንዲህ ያለ መስመር የለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኤክስፕሬሽኒስት የተባሉ የጀርመን ሠዓሊዎች ቀለም የዓይንን እውነት ብቻ ሳይሆን የውስጥን ስሜትም እንዲናገር ነጻ አውጥተውት ነበር፤ የኒል ሰማያዊ መስመርም የዚያ ወገን ነው። ስለዚህ «ሳያስውቡ መሣል» እንደ ፎቶግራፍ መገልበጥ አይደለም። ሠዓሊዋ መርጣለች፣ አጉልታለች፣ ትታለችም።

እንዲህ መሣል በሰው ገላ ላይ መጨከን አይደለም ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ሠዓሊ ሞዴሉን ሊያዋርድ ይችላል። ኒል በ1970 ዝነኛውን አሜሪካዊ ሠዓሊ አንዲ ዋርሆልን ከወገቡ በላይ ራቁቱን ስትሥለው፣ ከሁለት ዓመት በፊት በጥይት ተመትቶ የተረፈበትን የቀዶ ሕክምና ጠባሳና የሚደግፈውን ቀበቶ አልደበቀችም። ግን ዓይኑን ጨፍኖ በጸጥታ ተቀምጧል፤ ዝነኛው ሰው እዚያ ሸራ ላይ የሚታመም ሰው ሆኖ ይታያል፣ መሳቂያ አይሆንም። ከአሥር ዓመት በኋላም ያንኑ ዓይን ወደ ራሷ አዙራ ለራሷ አላዳላችም። ጭካኔን ከእውነተኛነት የምንለየው ጉድለት በመታየቱ ሳይሆን፣ የተሣለው ሰው የራሱ ክብርና ማንነት ቀርቶለት እንደሆነ በማየት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የነውር ነው። ገላን መሸፈን ክብር በሆነበት ባህል ያደገ ሰው ቅር ቢሰኝ ስሜቱ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ነውር የሚሆነው በአብዛኛው ሰው ሳይፈቅድ ሲገለጥ ወይም ገላው ለምኞት ሲቀርብ ነው። እዚህ ግን ገላጩም ባለገላውም አንድ ሰው ናት፤ አቀማመጧም ማንንም አያባብልም። ሥዕሉን አለመውደድ ይቻላል፤ ጸያፍ ብሎ መዝጋት ግን የቀረበውን ሳያዩ መፍረድ ነው።

ኒል ይህን ሥዕል በ1975 ገደማ ጀምራ ትታው ነበር፤ ተመልሳ እስክትጨርሰው አምስት ዓመት አለፈ። በ1984 አረፈች። እሷ ሥላ ለመጨረስ አምስት ዓመት የወሰደባትን ገላ እኛ በአንድ አፍታ «አስቀያሚ» ብለን ማለፍ የለብንም። ቆም ብለን መጀመሪያ እጇን፣ ቀጥሎ መነጽሯን፣ ከዚያ ፊቷን እንይ፤ ስለ ሆዷ የምንለው ነገር ከዚያ በኋላ ይለወጣል።