ተንግስተን የሚፈተንበት ቤት

ስለ ኑክሌር ውህደት ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ፈረንሳይ ውስጥ እየተገነባ ያለውን ግዙፉን የውህደት ማሽን ኢተርን ነው። እኔ ግን በኔዘርላንድስ፣ አይንድሆቨን ከተማ፣ ዲፈር በተባለው ተቋም የሚገኘው መሣሪያ፣ ማግነም-ፒኤስአይ፣ ሳይወራለት መቅረቱ ይቆጨኛል። አተም አያዋህድም፣ ኤሌክትሪክም አያመነጭም። ሥራው የውህደት ማሽን ግድግዳ የሚሠራበትን ብረት፣ በተለይም ተንግስተንን፣ በፕላዝማ (በኤሌክትሪክ በተሞላ ትኩስ ጋዝ) መፈተን ነው።

ስለዚህ መሣሪያ ባወራሁ ቁጥር የሚገጥመኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «150 ሚሊዮን ዲግሪን የትኛው ብረት ይችለዋል?» ጋዜጦችም ይህን ቁጥር አግዝፈው ጽፈው ሌላውን ይተዉታል፤ እቀየማቸዋለሁ። የኢተር ፕላዝማ እምብርት ዲግሪው ይህ መሆኑ እውነት ነው፤ ጉዳቱን የሚለካው ግን ዲግሪ ብቻ አይደለም። ከከሰል የምትፈናጠር ፍንጣሪ ሙቀቷ ጀበና ውስጥ ከሚፈላው ውሃ እጅግ ይበልጣል፤ እጅ ላይ ብታርፍ ግን ቆንጥጣ ትጠፋለች፣ የፈላው ውሃ ግን ቆዳ ይገፍፋል። በኢተር ሆድ ውስጥ የሚኖረው ፕላዝማ ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ግራም አይሞላም፤ ትኩሱ እምብርቱም በማግኔት ስለሚያዝ ግድግዳ አይነካም።

ችግሩ ከዳር የሚያመልጠው ፕላዝማ ነው። ማግኔቱ እሱን ዳይቨርተር ወደሚባለው የታችኛው ክፍል ይነዳዋል። እዚያ ሲደርስ በአሥር ሺዎች ዲግሪ ወደሚቆጠር ሙቀት ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ጠባብ መስመር ላይ ስለሚያርፍ በካሬ ሜትር 10 ሜጋዋት ያራግፋል። ይህ የጠራ ቀን የቀትር ፀሐይ ከምታወርደው 10,000 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ስንት ዲግሪ ሳይሆን በካሬ ሜትር ስንት ሜጋዋት፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ነው።

ማግነም-ፒኤስአይ የሚፈጥረውም ይህንኑ የዳይቨርተር ሁኔታ ነው። ፕላዝማው አሥር ሺዎች ዲግሪ ብቻ ነው ሲባሉ ቅር የሚላቸው አሉ፤ ቅር ሊላቸው አይገባም፣ ልኩ እሱ ነውና። እስከ 2.5 ቴስላ የሚደርስ ሱፐርኮንዳክተር ማግኔት ፕላዝማውን አጥብቆ ይዞ ለሰዓታት ናሙናው ላይ ያሳርፈዋል። ከዚያ ናሙናው አየር ሳይነካው ወደ መመርመሪያው ክፍል ይሳባል።

ሙቀት ብቻ ከሆነ የሚፈለገው የኤሌክትሮን ጨረር ይበቃል። ተንግስተኑ ከመዳብ ቅይጥ ከተሠራው የማቀዝቀዣ ቱቦ ጋር የተጋጠመበት ቦታ የሚፈተነው በዚያ ነው፤ መዳብ ሲሞቅ ከተንግስተን አራት እጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ መጋጠሚያው ይጨነቃል። የኤሌክትሮን ጨረር ግን ከውህደቱ የሚወጣውን ሂሊየም አይተካም። 3,422 ዲግሪ ሳይደርስ የማይቀልጠው ተንግስተን፣ ከመቅለጫው ብዙ ዝቅ ባለ ሙቀት የሂሊየም ፕላዝማ ሲያገኘው ውስጡ አረፋ ይቋጥራል፤ የሚያብረቀርቀው ገጹም በረቂቅ ክሮች ተሸፍኖ ይጠቁራል። ይህን የሚያሳየን ፕላዝማ ብቻ ነው።

ማግነም-ፒኤስአይ የሚጎድለው ግን በውህደት ማሽን ውስጥ ግድግዳውን የሚደበድበው ኒውትሮን ነው። በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሚገነባው ኤምፔክስ ቀድመው በኒውትሮን የተደበደቡ ናሙናዎችን ተቀብሎ በፕላዝማ እንዲፈትን ታስቦ የተነደፈ ነው።