ያውቁ ኖሯል? ከአበበ ጎን የሮጡት

ያውቁ ኖሯል? አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ወርቅ ባጠለቀበት ማራቶን ሌላም ኢትዮጵያዊ አበበ ሮጧል። አበበ ዋቅጅራ ይባላል። ከዓለም ሰባተኛ ወጥቶ ነበር፤ ዛሬ ስሙን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ያ ድል የተገኘው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። የፈረንጆቹን ሴፕቴምበር 10 በደፈናው «መስከረም 10» ብሎ የገለበጠ ጸሐፊ ድሉን ወደ ሌላ ዓመት ያሻግረዋል።

ያውቁ ኖሯል? አበበ ራሱ ዋና ተፎካካሪውን ሳያውቀው ነው የሮጠው። አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን እንዲጠነቀቅ፣ ቁጥሩም 26 እንደሆነ ነግረውት ነበር። ራዲ ግን የማራቶኑን ቁጥር ሳይወስድ ቀርቶ በ185 ገባ። ሁለቱ ሌሎቹን ጥለው ትከሻ ለትከሻ ሲሮጡ፣ አበበ ዓይኑ 26 ቁጥርን ፍለጋ ወደ ፊት ያማትር ነበር። የሚፈልገው ሰው አጠገቡ ነበር! በመጨረሻ አፈትልኮ በ25 ሰከንድ ያህል ቀደመው፤ ሰዓቱም 2፡15፡16.2፣ የዓለም ምርጥ ሆነ። የዚያን ቀን ፉክክር ያለ ራዲ መተረክ ለአበበም ክብር አይሆንም፤ ድሉ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የሚመሰክረው እሱ ነውና።

ያውቁ ኖሯል? የውጭ ጋዜጦች «ቢቂላ አሸነፈ» እያሉ ድሉን ለአባትየው ሰጥተውታል።

ያውቁ ኖሯል? በንፋስ ስልክ በኩል በደብረ ዘይት መንገድ የሚያልፍ ሰው አበበ ያረፈበትን የቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ያገኛል። ማሞ ወልዴም ያረፈው እዚያው ነው። ማሞ በአንዳንድ የውጭ መዛግብት «ደጋጋ» ተብሎ ስለሚገኝ ፈላጊው ሌላ ሰው ሊመስለው ይችላል። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ብር፣ በሳምንቱም አበበ ባቋረጠው ማራቶን ወርቅ ወሰደ። በ40 ዓመቱም ሙኒክ ላይ ነሐስ ጨመረ። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው «አበበ ሲያቋርጥ የተካው» ብቻ እየተባለ መጠራቱ ያሳዝነኛል።

ያውቁ ኖሯል? ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ማራቶን የሮጡት ባሻዬ ፈለቀና ገብሬ ብርቃይ ናቸው። በትምህርት ቤት ጥያቄና መልስ «በኦሊምፒክ ማራቶን የሮጠ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ማን ነው?» ተብሎ «አበበ ቢቂላ» ያለ ተማሪ ነጥብ ሊሰጠው አይገባም።