ሕግ ያለ አስከባሪ፦ ስለ ዓሣ ነባሪ አደን ክርክር

ስለ ጡት አጥቢዎች በተማርን ቁጥር የዓሣ ነባሪ ነገር ሳይነሣ አይቀርም። ስሙ ዓሣ ይበለው እንጂ ዓሣ አይደለም። በሳምባ ይተነፍሳል፤ ደመ ሞቃት ነው፤ ልጁን ወልዶ ጡት ያጠባል። ይህ የባዮሎጂ ትምህርት ብቻ ይመስላል፤ ግን አንድ ከባድ የሕግ ጥያቄ ያስከትላል። ዓሣ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ሲጥል፣ ከትልልቆቹ ዓሣ ነባሪዎች ብዙዎቹ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚወልዱት። ስለዚህ አንዴ ከተመናመኑ ቶሎ አይተኩም። ታዲያ ስንት ይታደን? ማን ይቁጠር? ሕጉን የጣሰውንስ ማን ይጠይቀው? ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። እኛም ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አደኑ እንዴት ተስፋፋ?

በድሮ ጊዜ ዓሣ ነባሪ የሚታደነው በቀዘፋ ጀልባና በእጅ በሚወረወር ጦር ነበር። ፈጣኖቹ፣ ማለትም ሰማያዊ ዓሣ ነባሪና ፊን የሚባለው፣ ያመልጡ ነበር። ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ ግን ስቬን ፎይን የተባለ ኖርዌያዊ ከመድፍ የሚተኮስና ገላ ውስጥ ገብቶ የሚፈነዳ ጦር በእንፋሎት መርከብ ላይ አጠመደ። ከዚያ ወዲያ የሚያመልጥ ጠፋ። በ1925 ደግሞ ዓሣ ነባሪውን እንዳለ ከኋላዋ በኩል ጎትታ የምታወጣ፣ እዚያው ባሕር ላይ የምታርድ ፋብሪካ መርከብ ወደ አንታርክቲክ ውቅያኖስ ወረደች። ስቡ እየቀለጠ ዘይቱ ለሳሙናና ለማርጋሪን ይሸጥ ነበር።

ውጤቱስ? በ20ኛው መቶ ዓመት ብቻ ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ዓሣ ነባሪዎች ተገድለዋል። በአንታርክቲክ ከ200,000 በላይ የነበረው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጥቂት መቶ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሕጉ ሲወጣ

እርግጥ ነው፣ ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም። በታኅሣሥ 1946 ዋሽንግተን ላይ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ፤ የዓለም አቀፍ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽንም በዚሁ ስምምነት ተቋቋመ። ዓላማው ዓሣ ነባሪዎቹን ጠብቆ የአደኑን ሥራ በሥርዓት ማስኬድ ነበር። ሕጉ ግን ሲወለድ ጀምሮ ጉድለት ነበረበት።

አንደኛ፣ የሚቆጠረው እንስሳው ሳይሆን ዘይቱ ነበር። 1 ሰማያዊ ከ2 ፊን፣ ከ2 ተኩል ሃምፕባክ፣ ከ6 ሴይ ጋር እኩል ተደርጎ ይሰላ ነበር። እንዲህ ከሆነ አዳኙ በአንድ ተኩስ ብዙ ዘይት የሚያገኝበትን ሰማያዊውን ትቶ ለምን ሌላ ያሳድዳል? በጣም የተመናመነው ዝርያ በጣም የሚፈለገው ሆነ ማለት ነው። ይህ አቆጣጠር የቀረው በ1972 ነው።

ሁለተኛ፣ ለአንታርክቲክ የተፈቀደው መጠን በመጀመሪያ ለየአገሩ አልተከፋፈለም። መጠኑ ሲሞላ አደኑ ስለሚዘጋ፣ ሁሉም ሌላው ሳይቀድመው ለመግደል ይሽቀዳደም ነበር።

ሦስተኛ፣ አንድ ውሳኔ አይመቸኝም ያለ አገር በ90 ቀን ውስጥ ተቃውሞ ካስመዘገበ በውሳኔው አይገደድም። ኮሚሽኑ ደግሞ የራሱ ፖሊስም ሆነ የጥበቃ መርከብ የለውም።

ፈተናውን ራሱ የሚያርም ተማሪ

እንደ እኛ አስተያየት ከሁሉም የከፋው ጉድለት ሌላ ነው። በፋብሪካ መርከቡ ላይ የሚቀመጠው ተቆጣጣሪ የመርከቡ አገር ሰው ነበር። ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ማለት ይህ ነው። ከሌላ አገር ታዛቢ መላክ የተጀመረው በ1972 ብቻ ነው።

ምን እንዳስከተለ የሶቪየት ኅብረት መርከቦች ታሪክ ያሳያል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በደቡቡ የዓለም ክፍል ገደልን ብለው ያስመዘገቡት ሃምፕባክ 2,710 ነበር። በእውነት የገደሉት ግን ከ48,000 በላይ ነው! ይህ የታወቀው አሌክሲ ያብሎኮቭ የተባሉት ሩሲያዊ ሳይንቲስት በ1993 ምስጢሩን ካወጡ በኋላ ነው። እውነተኛውን መዝገብ ደብቀው ያቆዩ ሳይንቲስቶችም ነበሩ። ልብ እንበል፤ የሐሰቱ ቁጥር የጎዳው የተገደሉትን ብቻ አይደለም። በሌሎች አገሮች ያሉ ሊቃውንት ስንት እንደ ቀረ ያሰሉ የነበረው በዚሁ ቁጥር ነውና ስሌታቸው ሁሉ ተበላሸ።

የ1982ቱ ዕገዳ

በ1972 ስቶክሆልም ላይ የተደረገው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ አደኑ ለአሥር ዓመት እንዲቆም ጠየቀ። ኮሚሽኑ የንግድ አደን እንዲታገድ የወሰነው ግን በ1982 ነው፤ 25 ደግፈው 7 ተቃወሙ፣ 5 ድምፅ አልሰጡም። ዕገዳው ከ1985/86 የአደን ወቅት ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በኮሚሽኑ ውስጥ እንደ ስዊዘርላንድና ሞንጎሊያ ያሉ ባሕር የሌላቸው አገሮችም ድምፅ አላቸው።

ኖርዌይ ተቃውሞዋን አስመዝግባ ስለነበር በ1993 የንግድ አደኗን እንደገና ጀመረች። ጃፓንም ተቃውማ ነበር። አሜሪካ በኔ ባሕር ዓሣ አታጠምጂም ብላ ስታስፈራራት ግን ተቃውሞዋን አነሣች። ይሁንና ስምምነቱ ለሳይንስ ምርምር መግደልን ስለሚፈቅድ ከ1987 ጀምሮ በዚያው በር ገባች፤ ሥጋው ግን ገበያ ላይ ይሸጥ ነበር። በ2010 አውስትራሊያ ከሰሰቻት። በሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም መጋቢት 2014 በ12 ድምፅ ለ4፣ በአንታርክቲክ የተሰጠው ፈቃድ ለሳይንስ ምርምር ነው ሊባል አይችልም ሲል ፈረደ። ጃፓን በ2015 አዲስ ፕሮግራም አውጥታ 333 ሚንክ ዓሣ ነባሪዎች ገደለች። በመጨረሻም ሰኔ 2019 ከኮሚሽኑ ወጥታ በራሷ ባሕር የንግድ አደን ጀመረች።

ሁለቱ ወገኖች ምን ይላሉ?

አዳኞቹ እንዲህ ይላሉ፦ ስምምነቱ የተፈረመው አደንን ለማስተካከል እንጂ ለመከልከል አይደለም። ሚንክ ብዙ ነው፤ በልክ ቢታደን አይጠፋም። ሥጋው የአባቶቻችን ምግብ ነው፤ በሬ የሚያርድ ሰው ለምን ይወቅሰናል?

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ፦ በሚፈነዳ ጦር የተመታ ዓሣ ነባሪ ቶሎ ላይሞት ይችላል፤ ዘይቱም በሌላ ተተክቷል፤ ዋናው ነገር ደግሞ ትናንት በቁጥር ያታለለ ነገ እንደማያታልል ምን ዋስትና አለ? ይላሉ።

ለዕለት ምግባቸው የሚያድኑት የአላስካና የግሪንላንድ ነባር ሕዝቦች የተለየ ፈቃድ ስላላቸው ከዚህ ክርክር ውጪ ናቸው።

የሚገርመው ሁለቱ ወገኖች የተለያዩት በሒሳቡ አለመሆኑ ነው። ስንት ቢታደን እንደማይጎዳ የሚያሰላውን ዘዴ ኮሚሽኑ በ1994 ተቀብሎታል። ማን ይቆጣጠር፣ እንዴትስ ይቆጣጠር በሚለው ላይ ግን ሳይስማሙ ቀርተው ንግግሩ በ2006 ቆመ።

አስከባሪ ከጠፋ ራሳችን እናስከብር ያሉም አሉ። የሲ ሼፐርድ መሥራች ፖል ዋትሰን በመርከብ የአዳኞቹን መንገድ ሲዘጉ ኖረዋል። በጃፓን የእስር ማዘዣ ሐምሌ 2024 ግሪንላንድ ላይ ተይዘው፣ ዴንማርክ አሳልፌ አልሰጥም ስላለች ታኅሣሥ ላይ ተለቀቁ። ሕጉን ማን ያስከብር የሚለው ጥያቄ እንግዲህ እስከ እስር ቤት ያደርሳል።

ታዲያ ሕጉ ዋጋ የለውም?

አለው እንጂ። በደቡብ አትላንቲክ ምዕራባዊ ክፍል በ1950ዎቹ ወደ 450 ወርዶ የነበረው ሃምፕባክ ዛሬ ወደ 25,000 እንደሚደርስ ሳይንቲስቶች ገምተዋል። ጎዶሎም ቢሆን አደኑ በመቆሙ የተገኘ ነው።

ከታሪኩ የምንረዳው ይህን ነው፦ ሕጉ ኃይል ያገኘው ቆጠራው ከአዳኙ እጅ ሲወጣ፣ ጣሹም የሚያጣው ነገር ሲኖር ነው። የሌላ አገር ታዛቢ፣ ፍርድ ቤት፣ የዓሣ ማጥመድ ፈቃድን መከልከል፤ እነዚህ ናቸው ከፊርማው በላይ የሠሩት።

ነገ ክፍል ስንገባ ዓሣ ነባሪ ጡት አጥቢ ነው ብለን ጽፈን ብቻ አንለፍ። ተማሪዎቻችንን፦ በሦስት ዓመት አንድ ልጅ የሚወልድን እንስሳ ስንት መግደል ይቻላል? ቁጥሩንስ ማን ይያዝ? ብለን እንጠይቃቸው። ሕፃናት ፈተናን ራሱ የወሰደ ራሱ ቢያርመው ምን እንደሚሆን ከኛ የበለጠ ያውቃሉ።